አንድ መስመር፣ ሦስት ኮምፒውተር፦ ያ 192.168 ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለ እንበል። ኢንተርኔት አቅራቢው የሚሰጠው የአይፒ አድራሻ (መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ሦስቱም በአንዴ እንዴት ይጠቀማሉ?

ሥራው የራውተሩ ነው፤ ማለትም የቤቱን ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የቤት ውስጥ አድራሻ ያድላል፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር። ይህ ቁጥር ከቤት ውጭ አይሠራም። ጎረቤትም ያንኑ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፣ አይጋጭም። አንዱ ኮምፒውተር ድረ ገጽ ሲጠይቅ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካል፣ የፖርት ቁጥር (ግንኙነቶችን ለመለየት የሚያገለግል ቁጥር) ይሰጠዋል፣ ማን እንደጠየቀም ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ አድራሻ የመለወጥ ሥራ «ናት» (NAT) ይባላል። («እሷ ናት» ከሚለው ጋር ዝምድና የለውም።)

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ከውጭ ሰው ቀድሞ ቢያንኳኳ መዝገቡ ላይ ስለሌለ ራውተሩ ለማን እንደሚያደርስ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ቤትዎ ጌም ሰርቨር ከፍተው ጓደኛዎ አልገባ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ራውተሩ ላይ «ይህ ፖርት ሲጠራ ለዚያኛው ኮምፒውተር ስጥ» ብሎ መሙላት ነው፤ ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ይኸው ነው።

ፍጥነቱ ግን አይባዛም። መስመሩ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ከሆነ ሦስቱም የሚሻሙት ያንኑ 20 ነው።