ግዙፍ የኤክስሬይ ጥንድ ኮከቦችን በኢንፍራሬድ መለየት፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ግዙፍ የኤክስሬይ ጥንድ ኮከብ ሲባል አንዱ ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ሰማያዊ ኮከብ ነው። ሌላው የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኒውትሮን ኮከብ፣ አልፎ አልፎ ጥቁር ጉድጓድ። ከግዙፉ የሚነፍሰው ጋዝ ቅሪቱ ላይ ሲወድቅ በሚሊዮን ዲግሪ ይግላል፤ ኤክስሬይም ይረጫል።

ለኤክስሬይ ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኡሁሩ የመጠቀችው ከዚሁ ከአካባቢያችን፣ ከኬንያ ባሕር ዳርቻ ነው፤ በታኅሣሥ 1970 እ.ኤ.አ.። ስሟ በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ2002 ከመጠቀችው ከአውሮፓዊቷ ኢንተግራል በኋላ ነው። በጥር 2003 መጨረሻ አይጂአር ጄ16318-4848 የተባለውን ምንጭ አገኘች። ቁጥሩ የሰማይ አድራሻው ነው። ይህና መሰሎቹ በወፍራም ጋዝና አቧራ የተከበቡ ስለሆኑ በተራ ቴሌስኮፕ ቢፈለጉ አይገኙም። በበጋ ባሕር ዳር ካለው ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትጠልቅ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን ይበትነዋል፣ ቀዩ ያልፋል። ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ደግሞ ከቀዩም የባሰ አላፊ ነው። በ2.2 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የአቧራው ማደብዘዝ፣ በማግኒቲውድ (በከዋክብት ድምቀት መለኪያ) ሲለካ፣ ከሚታየው ብርሃን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንተግራል የሰጠችው ቦታ ሰፊ ነው፤ ውስጡ እልፍ ኮከብ ይገባል። ቻንድራ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት ቦታውን ከአንድ የቅስት ሰከንድ (ከአንድ ዲግሪ 3600ኛ) በታች ታጠብበዋለች። ከዚያ ከ1997 እስከ 2001 ሰማዩን በሙሉ በኢንፍራሬድ የቃኘው የቱማስ ጥናት መዝገብ ይከፈታል፤ መዝገቡ 470 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ቦታው ስለገጠመ ብቻ ኮከቡ ተገኘ አይባልም፤ በተጨናነቀ ሰማይ መግጠም በአጋጣሚም ይሆናል። ፍርዱን የሚሰጠው ስፔክትረሙ፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረው ብርሃኑ፣ ነው። በ2.166 ማይክሮሜትር የሃይድሮጅን፣ በ2.058 የሂሊየም መስመር ከታየ ግዙፍና ሞቃት ኮከብ መሆኑ ይጠናከራል።

ከእነዚህ ጥንዶች መካከል ኤክስሬያቸው ለሰዓታት ብቻ ቦግ ብሎ የሚጠፋም አሉ። ምክንያቱ ገና ያከራክራል። ነፋሱ ጓል ጓል ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ የኒውትሮን ኮከቡ መግነጢስ ጋዙን ስለሚያግደው ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አብረው ሳይሠሩ አይቀሩም።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ታድላለች፤ የፍኖተ ሐሊብ ሰሜንም ደቡብም ይታያታል። የዩኒቨርሲቲዋ ዋሸራ ላቦራቶሪ ትኩረቱ የላይኛው ከባቢ አየር ቢሆንም፣ ከተማዋ ለሰማይ ጥናት ባዳ አለመሆኗን ያሳያል። የሐይቁ እርጥበት ለኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ አይመችም። የቱማስና የቻንድራ መዝገቦች ግን ለማንም ክፍት ናቸው፤ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ እዚሁ ተቀምጦ ይሠራባቸዋል።

ጥቁር ጉድጓድ ያለበት ጥንድ የሆነው የሲግነስ ኤክስ-1 አጃቢ ኮከብ፣ በ1971 የታወቀው፣ ደግሞ ኢንፍራሬድም አያስፈልገውም። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል፣ ከጣና በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል።