የጎንደር አዝማሪዋ ስም፦ ከየት መጣ? ምን ይላል?

በጎንደር ሠርግም ሆነ ጠጅ ቤት በግጥሟና በድምፅዋ የታወቀች ሴት የቆየ መጠሪያዋ «አዝማሪ» ነው። ቃሉ የወጣው «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ፍችውም በዜማ አመሰገነ ማለት ነው። መዝሙር፣ ዝማሬና መዘምርም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። የአቋቋም (በዝማሜና በሽብሸባ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ) መምህራን በሚመረቁባት በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን «መዘምር» የክብር ስም ሲሆን፣ ወንድሙ «አዝማሪ» ግን ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወር ኖሯል። ሥሩ ምስጋና ለሆነ ቃል ይህ አይገባውም ነበር።

ቃሉ በዕለት ንግግር የተለየ የሴት ቅርጽ የለውም፤ ጾታው የሚታወቀው «አዝማሪው»፣ «አዝማሪዋ» ሲባል ነው። «ድምፃዊት» ግን የሴትነት «ት»ን ከግዕዝ ይዛ የመጣች የመድረክና የካሴት ቃል ናት።

«ዘፋኝ» የሚለው ሌላ ታሪክ አለው። በግዕዝ «ዘፈነ» ጨፈረ ማለት ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 14 ላይ የሄሮድያዳ ልጅ «ዘፈነች» ይላል። የዛሬ አንባቢ ያቀነቀነች ይመስለዋል፤ እሷ ግን የጨፈረች ናት።

በተለመደው አሠራር ወንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሴቷ ቆማ ታቀነቅናለች፣ በእስክስታም ታጅባለች። እንግዳው «ተቀበይ!» ብሎ ስንኝ ሲሰጣት ወዲያው በዜማው ላይ ታስቀምጠዋለች። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው፤ 6 ብሎ ያርፋል፣ በ6 ይዘጋል። እንግዳው አንድ ቀለም ካጎደለ «ኧረ» ወይም «ሆይ» ጨምራ ትሞላዋለች፤ ካበዛ ደግሞ ቃሉን አሳጥራ ትውጠዋለች።

ከባዱ ሰምና ወርቁ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ቅኔው እንዲህ ባለ ቃል ላይ ሲያርፍ አዝማሪዋ ድምፅዋን በመካከል ታንሳፍፈዋለች። አጥብቃ ከጣለችው ወርቁ ቀድሞ ይወጣና ሰሚው የሚፈታው ነገር ያጣል።

ማሲንቆውም ይፈትናታል። በክረምት እርጥበት ቆዳው ሲላላ ድምፁ ስለሚደፈን፣ መቺው እሳት ዳር ያሞቀዋል፤ የደጋኑን ጭራም በዕጣን ያሸዋል። ዕጣን ያልነካው ጭራ በክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጮኽም፤ ያኔ አዝማሪዋ ቅኝቱን በድምፅዋ ብቻ ይዛ ትቆያለች።