ኢታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ምንድን ነው? ከተበረዘ ቤንዚን ጋርስ ምን አገናኘው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ መኪናው እያስነጠሰች ጋራዥ ገባ። ገና በሩን ሳይከፍት «ኢታኖል ቀላቅለው ሸጡልኝ» አለኝ። ዘንድሮ ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና ካስቸገረ ጥፋተኛው ኢታኖል ነው። ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያው) ተደፈነ፣ ኢታኖል። ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው) ጠቆረ፣ ኢታኖል። ከጎን ሻይ የሚጠጣው ደግሞ «አረቄ አይደል እንዴ፣ ሞተሩ ሰክሮ ነው» ይላል። በአረቄ አገር ይህ ቀልድ አያልቅም።

ቀልዱ ግማሽ እውነት አለው። አረቄን አረቄ የሚያደርገው ኢታኖል ነው። ግን ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለነዳጅ የሚሆነው ኢታኖል ውሃው ተመጥጦ የወጣለት ነው። በመጠን ተለክቶ፣ ታውቆ ቤንዚን ውስጥ ይገባል። ይህ ድብልቅ ነው። ብረዛ ሌላ ነው፤ ብረዛ ገዢው እንዳያውቅ የሚደረግ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ጠጅንና ብርዝን አንድ ነው እንደማለት ነው።

አገራችን ውስጥ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ተጀመረ። በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ የሚመጣው ከስኳር ፋብሪካ ነው፤ ስኳሩ ወጥቶ ከሚቀረው ሞላሰስ። ያኔ አዲስ አበባ ሞልተው 130 ኪሎ ሜትር ነድተው እኛ ጋ የሚመጡ መኪኖች ሁሉ የጠጡት እሱን ነበር። አብዛኛው ሾፌር አላወቀም። ብራዚል ደግሞ ለዓመታት 27 በመቶ ስትቀላቅል ኖራ ወደ 30 አድርሳዋለች።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ። «ኢታኖል ውሃ ያመጣል» የሚባለው።

ኢታኖልን እንደ አማች አስቡት። ቤንዚንና ውሃ የማይነጋገሩ ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። ኢታኖል የውሃ ቤት ልጅ ሆኖ ቤንዚን ቤት ያገባ ነው። በሁለቱም ቤት ወንበር አለው። የኅዳር ሌሊት ውርጩ ሲወርድ ጎዶሎ ታንከር ውስጥ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይቋጠራል። አማቹ ያንን ትንሽ ውሃ እጁን ይዞ ወደ ቤንዚኑ ያስገባዋል። አብሮ ተቃጥሎ ይወጣል። 40 ሊትር ባለ 10 በመቶ ድብልቅ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ተሸክሞ ዝም ይላል። ንጹሑ ቤንዚን ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አያልፍም፤ የተረፈው ታች ይተኛል። ስለዚህ ጥቂት ውሃ ላይ ኢታኖል ጠላት ሳይሆን አጽጂ ነው።

የውሃ ዘመዶች ሲበዙ ግን አማቹ ይወላውላል። ወደ ትውልድ ቤቱ ያደላል። ተያይዘው ታች ይወርዳሉ። ላይ የቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ (ሞተር ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) ይቀንሳል፣ ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ብርድ ሲሆን የአማቹ ትዕግሥት ይበልጥ ያጥራል፤ የኛ ከተማ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። ሽማግሌ ተልኮ እርቅ የለም፣ ታንከሩን ማፍሰስ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ የሚደርሰው በየቀኑ በሚነዳ ታክሲ ላይ አይደለም። ሦስትና አራት ወር ግቢ ቆሞ ክዳኑ ዝናብ በሚያስገባ መኪና ላይ ነው።

ፊልትሮውስ? አዎ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰሞን ሊደፈን ይችላል። ግን ቆሻሻውን ኢታኖል አላመጣውም። አሥራ አምስት ዓመት ታንከር ውስጥ የተጋገረውን አጠበው። ቤት ያጸዳን ሰው አቧራ አስነሳህ ብሎ መውቀስ ነው።

ፍጆታ ላይ እውነት አላቸው፣ ትንሽ። ኢታኖል በሊትር ያለው ኃይል ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። 10 በመቶ ሲገባ ጉዳቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። በሊትር 12 የምትሄድ መኪና ከዚህ አዲስ አበባ ስትደርስ ግማሽ ሊትር እንኳ አትጨምርም። አየር የጎደለው ጎማም ያንኑ ያህል ሊበላችሁ ይችላል። በሌላ በኩል ኦክቴን ከፍ ስለሚል ሞተሩ ዳገት ላይ ማንኳኳቱ ይቀንሳል።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ላላቸው አሮጌ መኪኖች ግን አንድ ነገር ልበል፤ ማንም አልጠየቀኝም። ድብልቁ ቶሎ ይተናል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስታችሁ በደብረ ሲና ጣርማ በር ስትወጡ ከፍታው ከ1,300 ወደ 3,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ አየሩ ይሳሳል። ፓምፑ ውስጥ ቤንዚኑ እንፋሎት ሆኖ መኪናዋ ቀጥ ልትል ትችላለች። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ፣ አሥር ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ ትነሳለች። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ) ያላቸው አዳዲሶቹ በአብዛኛው ይህን አያውቁትም። የናፍጣ ባለቤቶች ደግሞ ጨዋታው አይመለከታችሁም፤ የአይሱዙ ሾፌር መጥቶ ሲጠይቀኝ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ከታንከሩ ቀዳሁ። ትንሽ ውሃ ጨመርኩበትና የውሃውን ከፍታ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ክዳኑን ዘግቼ አናወጥኩትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ኢታኖል ቢኖርበት ወደ ውሃው ስለሚሄድ የታችኛው ንብርብር ከመስመሩ በላይ ይነሳ ነበር። ውሃው እንደነበረ ነው፤ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ነጭ ወረቀት አምጥቼ ከዚያው ቤንዚን አንድ ጠብታ ጣል አደረግሁ። ደህና ቤንዚን ወዲያው ተኖ ወረቀቱን ንጹሕ ይተወዋል። እኛ ሻያችንን ጨረስን፣ ወረቀቱ ላይ ቅባት የመሰለ ክብ አሁንም አለ። የተበረዘበት ነጭ ጋዝ ይመስላል። ኦክቴን የሚያወርድ፣ ሞተር የሚያንኳኳ፣ ካንዴላ የሚያጠቁር እሱ ነው።

ደንበኛዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ታዲያ ኢታኖሉስ?» አለኝ።

«ኢታኖል የሚባል የለበትም።»