ሬፔሻዥ ምንድን ነው? ያሸነፈህ ሰው የት እንደደረሰ አትጠይቅ

«ያሸነፈቻት ልጅ ለፍጻሜ ከደረሰች እሷም በሬፔሻዥ ትመለሳለች።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ጁዶ ሲያወራ ይህንኑ ደገመው፤ ስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሬፔሻዥ የተሸነፈ ስፖርተኛ ለነሐስ እንዲታገል የሚሰጠው ሁለተኛ ዕድል ነው። ተንታኙ ስለ ትግል ወይም ስለ ቴኳንዶ ቢያወራ ኖሮ ልክ ነበር፤ ጁዶም ድሮ ከዚህ የሚቀራረብ አሠራር ነበረው። ዛሬ ግን በዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ውድድሮች ወደ ሬፔሻዥ የሚገቡት በሩብ ፍጻሜ የተሸነፉት አራቱ ብቻ ናቸው። ያሸነፋቸው ሰው ከዚያ በኋላ ቢወጣም ቢወርድም ለእነሱ ለውጥ የለውም።

ጃፓናዊቷ ኡታ አቤ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆና እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ገባች። በ52 ኪሎ ግራም፣ ገና ሩብ ፍጻሜ ሳትደርስ፣ የኡዝቤኪስታኗ ዲዮራ ኬልዲዮሮቫ በኢፖን፣ ግጥሚያውን ወዲያው በሚጨርሰው ሙሉ ነጥብ፣ ጣለቻት። አቤ ከታታሚው፣ ከመወዳደሪያው ምንጣፍ፣ ወርዳ አሠልጣኟን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አዳራሹ ሁሉ ሰማት። ኬልዲዮሮቫ እስከ ወርቁ ሄደች። በተንታኙ ስሌት አቤ ለነሐስ መመለስ ነበረባት፤ የእሷ ቀን ግን እዚያው አበቃ።

ሬፔሻዥን እንደ ማካካሻ ፈተና አስቡት። ፈተናው የሚሰጠው የመጨረሻውን ፈተና ለወደቁ እንጂ ገና በመጀመሪያው ለቀሩት አይደለም። ቢያልፉትም ከሁሉ የላቀውን ውጤት አያገኙም፤ ጣሪያው ነሐስ ነው። የፈተናቸው መምህር ዘንድሮ ቢሾም ባይሾም ደግሞ ውጤታቸው ላይ አይጨመርም። ምሳሌው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ማካካሻ ፈተና ላይ ተማሪው ብቻውን ይቀመጣል፤ ሬፔሻዥ ላይ ፊት ለፊቱ ሌላ የወደቀ ተቀምጧል፤ ከሁለቱ የሚያልፈው አንዱ ነው።

ያለፈውም ገና ነሐስ አላገኘም። ከዕጣው ሌላኛ ወገን በግማሽ ፍጻሜ ከተሸነፈው ጋር መግጠም አለበት። ነሐሱ ሁለት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለነሐስ ገጥመው የተሸነፉት ሁለቱ አምስተኛ፣ በሬፔሻዥ የተሸነፉት ሁለቱ ሰባተኛ ይሆናሉ፤ ስድስተኛና ስምንተኛ የሚባል የለም። ይህን የምጽፈው የውጤት ሰንጠረዥ ላይ «ስድስተኛው የት ሄደ?» የሚሉኝ ስላሉ ነው። በግራንድ ስላም፣ ከፌዴሬሽኑ ትልልቅ ውድድሮች በአንዱ፣ ነሐስ 500፣ አምስተኛነት 360፣ ሰባተኛነት 260 ነጥብ ያስገኛል፤ ኦሊምፒክ መግቢያው በደረጃ ነጥብ የሚወሰንበት ስፖርተኛ የሬፔሻዥን ግጥሚያ እንደ ማጽናኛ አያየውም። የሚገባበትም ልቡ ከሽንፈቱ ሳይመለስ በዚያው ቀን ነው።

ተንታኙ እስቲ የፈረንሳዊውን ጁዶ ተወዳዳሪ የቴዲ ሪነርን ነገር ያስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ፣ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ፣ በሩብ ፍጻሜ ሩሲያዊው ታመርላን ባሻዬቭ አሸነፈው። ባሻዬቭ ለፍጻሜ አልደረሰም፤ በግማሽ ፍጻሜ በጆርጂያው ጉራም ቱሺሽቪሊ ተሸነፈ። በተንታኙ ሕግ ቢሆን ሪነር ሻንጣውን ይዞ መውጣት ነበረበት። እሱ ግን በሬፔሻዥ ብራዚላዊውን ራፋኤል ሲልቫን፣ ከዚያም ጃፓናዊውን ሂሳዮሺ ሃራሳዋን አሸንፎ ነሐስ ወሰደ። ሁለተኛውን ነሐስ የወሰደው ባሻዬቭ ነው፤ አሸናፊና ተሸናፊ በአንድ መድረክ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ቆሙ።