ጢም ሳያበቅሉ መታጨት፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል ተጫዋች እንዴት ይመለምላሉ?

ፌብሩዋሪ 2010 ላይ ሌን ኪፈን የዩኤስሲ ዋና አሰልጣኝ ከሆነ ገና ሳምንታት ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሎስ አንጀለስ ያለው ይህ ዩኒቨርሲቲ በፉትቦል ስመ ጥር ነው። አሰልጣኙ የአንድ ኳርተርባክ፣ ማለትም የኳስ ወርዋሪ፣ ቪዲዮ አየና ስኮላርሺፕ እሰጥሃለሁ አለው። ልጁም እሺ አለ። ነገሩን ዜና ያደረገው የልጁ ዕድሜ ነው። ዴቪድ ሲልስ 13 ዓመቱ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ኮሌጅ ለመግባት አምስት ዓመት ይቀረዋል።

ድሮ በእኛ አገር ልጆች ነፍስ ሳያውቁ ይታጩ ነበር። ቃሉን የሚሰጣጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ልጆቹ አድገው ምን እንደሚሆኑ ግን ማንም አያውቅም። የኮሌጅ ፉትቦል ምልመላም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ፣ እዚህ ለአንድ ልጅ ሃያ ሠላሳ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌ የላከው ኮሌጅም በዚያው ሳምንት ሌላ መቶ ቤት አንኳኩቷል።

ፉትቦል የምለው በእጅ የሚወረወረውን፣ ሄልሜት ተደፍቶ የሚጫወቱትን ነው። እኛ እግር ኳስ የምንለውን እነሱ ሶከር ይሉታል። የአውሮፓ የእግር ኳስ ክለቦች ልጆችን በራሳቸው አካዳሚ ያሳድጋሉ። የአሜሪካ ፉትቦል እንዲህ ያለ አካዳሚ የለውም፤ ሥራውን የሚሠሩት ሃይስኩልና ኮሌጅ ናቸው። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይቀበልም። ስለዚህ መንገዱ በኮሌጅ በኩል ነው። በሃይስኩል የሚጫወቱት ልጆች 1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከፍተኛው የኮሌጅ እርከን ላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ130 ትንሽ ቢበልጡ ነው፤ አንዱ ኮሌጅ በዓመት ከሃይስኩል የሚወስደውም በአብዛኛው 20፣ 25 ልጅ ነው።

ታላላቆቹ አሰልጣኞች በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈላቸዋል። ካላሸነፉ ግን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ይሰናበታሉ። ለማሸነፍ ጎበዝ ልጅ ያስፈልጋል። ጎበዙን ልጅ ደግሞ ተፎካካሪው ቀድሞ ካናገረው፣ ልጁ “ማንም ሳያውቀኝ ያመነብኝ እሱ ነው” ይላል። ይህን ስሜት በኋላ መስበር ከባድ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ቀድሞ ለመገኘት የሚሮጠው። አንዱ ትልቅ ኮሌጅ ኦፈር፣ ማለትም የስኮላርሺፕ ግብዣ፣ ሰጠ ሲባል ደግሞ ሌሎቹ ቪዲዮውን እንኳ በደንብ ሳያዩ ይከተላሉ።

ኦፈር የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርገን እንያት። አሜሪካ የሚኖር የሀበሻ ወላጅ “ስኮላርሺፕ አገኘ” ሲባል የታተመ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሊመስለው ይችላል። በፉትቦል እንዲህ አይደለም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ ልጁ 12ኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ከኦገስት 1 በፊት ኦፈር በጽሑፍ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የአፍ ነው። በ7ኛም ይባል በ10ኛ ክፍል፣ ልጁን አያስርም፣ ኮሌጁንም አያስርም። ኮሌጁ ያልፈረመን ልጅ ስም እየጠቀሰ በአደባባይ ማውራትም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ወሬው የሚወጣው ከራሱ ከልጁ ስልክ ነው። የፖስቱ አጻጻፍ እንደ ሰርግ ካርድ የተለመደ ሆኗል፦ ከአሰልጣኝ እከሌ ጋር መልካም ውይይት አድርጌ፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ኦፈር በማግኘቴ ተባርኬአለሁ። ከሥሩ የኮሌጁ አርማ፣ የእሳት ኢሞጂ፣ የሰፈር ልጆች ላይክ።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ኦፈር ሁሉ እኩል አይደለም። ልጁ ደውሎ “ኮች፣ እሺ ብያለሁ፣ እመጣለሁ” ሲል “በጣም ደስ ይላል፤ ግን መጀመሪያ ሰመር ካምፓችን መጥተህ እንይህ” የሚባልበት ጊዜ አለ። ሲተረጎም “ከአንተ በፊት የምንፈልጋቸው ሁለት ልጆች አሉ፤ እነሱ እምቢ ካሉ እንደውልልሃለን” ማለት ነው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች “እሺ ሊሉት የሚቻል ኦፈር” እና “እሺ የማይሉት ኦፈር” ብለው ይለያሉ። ቋንቋው ራሱ ይህን ያህል ከተጣመመ፣ የ15 ዓመት ልጅ እንዴት ይለየው? በእርግጥ ልጆቹም የዋዛ አይደሉም። ዛሬ ለአንዱ ቃል ሰጥተው ነገ ለሌላው ይሰጣሉ።

የሲልስ ቃል እንዴት እንዳለቀ ላውጋችሁ። ኪፈን በ2013 ከዩኤስሲ ተባረረ። ልጁም በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ኳስ ወርዋሪነቱ ቀርቶ ተቀባይ ሆነ። ወርዋሪ የመሆን ሕልሙ አልወጣለት ብሎ መሃል ላይ ወደ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄዶ ሞከረ፤ አልሆነም፤ ተመለሰ። በ2017 በተቀባይነት 18 ተችዳውን (የፉትቦል ጎል በሉት) አስቆጠረ። ጎበዝ ነበር ማለት ነው፤ ብቻ በ13 ዓመቱ ጎበዝ የተባለበት ቦታ ላይ አይደለም። ዲላን ሞሰስ የሚባለው የሉዊዚያና ልጅ ደግሞ 9ኛ ክፍል ሳይገባ ኤልኤስዩና አላባማ የሚባሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም ኦፈር ሰጥተውት ነበር። ለኤልኤስዩ ቃል ሰጠ፣ አፈረሰ፣ አላባማ ገባ። ጉልበቱን ተጎዳ። በ2021 የኤንኤፍኤል ድራፍት ላይ፣ ማለትም ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ስሙ አልተጠራም።

የግንኙነት ሕጉ ብዙ ነው፤ ዋናውን ብቻ ልንገራችሁ። አሰልጣኝ ለልጁ ደብዳቤና ቴክስት መላክ የሚችለው ለረጅም ጊዜ ልጁ 11ኛ ክፍል ከገባበት ዓመት ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነበር። ቀዳዳው ግን ሰፊ ነበር። አሰልጣኙ መደወል ባይፈቀድለትም ልጁ ከደወለ ማንሳት ይችል ነበር። እናም የኮሌጁ ሰው ለሃይስኩሉ አሰልጣኝ “ልጁ ይደውልልኝ እስቲ” ይላል። ልጁ ይደውላል። ሕግ አልተጣሰም!

ጉብኝትም ሁለት ዓይነት ነው። በራስ ወጪ ከሆነ በማንኛውም የትምህርት ዓመት ይቻላል፤ ከባድ የሚሆነው ለደሃ ቤተሰብ ነው። ኮሌጁ የሚከፍለው ጉብኝት ድሮ ለ12ኛ ክፍል ብቻ ነበር። በ2017 ሕጉ ተቀየረና 11ኛ ክፍል ያለ ልጅም ከኤፕሪል ጀምሮ እንዲሄድ ተፈቀደ። የሚቆየው ሁለት ቀን ገደማ ነው። ሆቴል፣ ስቴክ ቤት፣ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ቁርስ፣ አንድ ነባር ተጫዋች እንደ አስጎብኚ። ከሁሉም የማይቀረው ፎቶው ነው። ልጁ የቡድኑን ማሊያ ከነሄልሜቱ ለብሶ፣ እናቱ ከጎኑ ቆማ፣ መብራት እየበራ ይነሳል። ማሊያውን ግን ቤቱ ይዞ አይሄድም።

ካምፕ የሚባለው ሌላው በር ነው። ልጁ በክረምት ከፍሎ ይገባል፣ አሰልጣኞቹ በዓይናቸው ያዩታል። ያኔ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው ጂም ሃርቦ ካምፑን እስከ ደቡብ ክፍለ ሀገራት ይዞ ሲዞር የደቡብ ኮሌጆች ተንጫጩ። ኤንሲኤኤ ኤፕሪል 2016 ላይ ከለከለው፤ ወሩ ሳያልቅ መልሶ ክልከላውን ሻረው።

ፊርማው ለረጅም ጊዜ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ረቡዕ በዓል ነበር። በሃይስኩሉ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ሦስት ኮፍያ ይደረደራል፣ ልጁ አንዱን አንስቶ ይደፋል። ወረቀቱ በፋክስ ይላክ ነበር። ዓለም ፋክስን ከረሳ በኋላም የፉትቦል ቢሮዎች በዚያች ቀን ማሽኑ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ዲሴምበር ላይ መፈረም ተፈቀደ፤ አብዛኛው ልጅም አሁን የሚፈርመው ያኔ ነው። አንዳንዱ ሃይስኩልን በግማሽ ዓመት ጨርሶ ጃንዩዋሪ ላይ ኮሌጅ ይገባል። የጓደኞቹ የምረቃ ዳንስ ያመልጠዋል፣ የስፕሪንግ ልምምዱ ግን አያመልጠውም። ከ1964 ጀምሮ ልጆች ሲፈርሙበት የኖረው ሰነድ በ2024 ቀርቶ በስኮላርሺፕ ውል ተተክቷል።

ገንዘቡም መጣ። ጁላይ 1 ቀን 2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ ተፈቀደ። በዚያው ክረምት የቴክሳሱ ክዊን ኤወርስ፣ የክፍለ ሀገሩ ሕግ የሃይስኩል ልጅ እንዲህ እንዲነግድ ስለማይፈቅድ፣ 12ኛ ክፍልን ዘልሎ ኦሃዮ ስቴት ገባ። በምልመላ ደረጃ ከአገሩ አንደኛ ነበር። ጥቂት ወር ቆይቶ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2025 ድራፍት የተመረጠው በ7ኛው፣ በመጨረሻው ዙር ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ኮሌጅ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ተጫዋች እንደልቡ ኮሌጅ መቀየሩ ግን ቀድሞ መታጨትን ከሁሉ በላይ ያናጋው ይመስለኛል። ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር መዝገብ በ2018 ተከፈተ። በ2024 ደግሞ ትምህርቱ እስካልተበላሸ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ መቀየር ተፈቀደለት። አሰልጣኙ 17 ዓመት የሆነውን ልጅ ሦስት ዓመት ከሚያሳድግ የደረሰውን ቢገዛ ይቀለዋል። በ10ኛ ክፍል ቃል የተገባለት ልጅ ዲሴምበር ላይ ፈርሞ፣ ጃንዩዋሪ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ፣ እሱ ሊጫወትበት በነበረው ቦታ ላይ ከሌላ ኮሌጅ የመጣ፣ ጢሙ የሞላ የ22 ዓመት ሰው ቆሞ ያገኛል።