«ፓስዎርዱን ላክልኝ»፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ፈቃድ የሚነገሩ ስሕተቶች

በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ ጆርናሎች ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበ ቁጥር ከተማሪውም ከመምህሩም የሚመጡት የተሳሳቱ አባባሎች ያው ስለሆኑ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይሻላል ብያለሁ።

«ጆርናሎቹን የሚያከማቸው ኮንሶርሺየሙ ነው።» አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሶርሺየም ያለ የቤተ መጻሕፍት ጥምረት፣ አባላቱ ጆርናሎችን በጋራ ፈቃድ እንዲጠቀሙ እነሱን ወክሎ ከአሳታሚዎች ጋር ይደራደራል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢአይኤፍኤል የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትም የብዙ አገሮችን ጥምረቶች በዚሁ ድርድር ያግዛል። ጽሑፉ የሚከፈተው ግን ከአሳታሚው ድረ ገጽ ነው።

«የከፈልንበት ዓመት እትም የእኛ ሆኖ ይቀራል።» ይህ የሚሆነው ዘላቂ የመጠቀም መብት በውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ካልተጻፈ ክፍያው ሲቋረጥ ያለፉት ዓመታት እትሞችም አብረው ሊዘጉ ይችላሉ፤ በወረቀት የገዛነው ጆርናል ግን ከመደርደሪያው አይነሣም። የሚፈርም ኃላፊ አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው።

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ሦስተኛው ነው፦ «በነፃ የተሰጠ ስለሆነ ፓስዎርዱን ለሌላ ብናካፍል የሚጎዳ ሰው የለም።»

በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የተጀመረው ሂናሪ፣ በማግሥቱም ዓመት በግብርናው መስክ የተከተለው አጎራ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ማዕቀፍ ሥር ሆነው ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያስከፍቱ አገልግሎቶች ናቸው። ኢትዮጵያም ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ይሁን እንጂ ክፍያ የለም ማለት ውል የለም ማለት አይደለም፤ ተቋሙ ተመዝግቦ ግዴታ ይገባል፣ ፓስዎርዱም የሚሰጠው ለዚያ ተቋም ሰዎች ነው።

አንድ ዓመት የእኛ ፓስዎርድ በአንድ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለጠፈ። ግቢያችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጆርናሎችን ሙሉ ቅጾች ሌሊቱን በፕሮግራም ሲያወርድ አደረ፤ አሳታሚው ደግሞ ያየው የእኛን ተቋም ስም ነበርና ዘጋብን። ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በር ላይ ቆማ ያገኘኋት የነርሲንግ ተማሪ ነበረች፤ ጽሑፏን የምትከላከለው በሦስተኛው ቀን ሲሆን፣ የጎደሏትን የሁለት ጽሑፎች ርእስ በደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋ ይዛለች። ለጸሐፊዎቹ በየኢሜይላቸው ጻፍንላቸው፤ አንዱ በዚያው ቀን ላከልን፣ ሌላው አልመለሰም። ፓስዎርዱን የለጠፈው ተማሪ በኋላ ሲጠየቅ፣ እውቀት ማካፈሉ እንደ ነበረ ከልቡ ነገረኝ። ቅንነቱን አልጠራጠርም፤ የተዘጋው በር ግን የራሱ ጓደኞች የሚገቡበት ነበር።

ስለዚህ የሌላ ተቋም ጓደኛችሁ ፓስዎርድ ሲጠይቃችሁ ወደ ራሱ ቤተ መጻሕፍት ምሩት፤ ተቋሙ ካልተመዘገበ ማስመዝገብ ይቻላል። ጽሑፍ የምታወርዱት የምታነቡትን ያህል ይሁን። ለምርምራችሁ በብዛት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ፈቃዱን ከአሳታሚው ጠይቀን ልናገኝ እንችላለን።

በመጨረሻም፣ ገጹ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ «ዩኒቨርሲቲው አቋርጦታል» ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ አሳታሚዎች ግቢውን የሚያውቁት በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም በኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ የኢንተርኔት መስመር ተቀይሮ አዲሱ አድራሻ ካልተላከላቸው ከፍለን የያዝነውም ጆርናል አይከፈትም። ይህ በእኛም ደርሶ፣ የመስመሩን መቀየር የነገረን ባለመኖሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ምክንያቱን ስንፈልግ ቆይተናል። የስክሪኑን ፎቶ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ላኩልን፤ ያኔም ነገሩን የገለጠልን አንድ መምህር የላከው እንዲህ ያለ ፎቶ ነበር።