ክሮስ ትሬኒንግ ለዋናተኛ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በልበ ሙሉነት ሲመክር ሰማሁት። «ክሮስ ትሬኒንግ ማለት ዋናን ያለ ውሃ መሥራት ነው። ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ያዝ፣ ጎንበስ በል፣ እጅህን እንደ ፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ እንደሚዋኝ) አዙር» ይላል። አንዴ ብቻ የተባለ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን ትከሻቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት አዋቂ ዋናተኞች ብዙዎቹ ይህንኑ ሲሠሩ የከረሙ ናቸው።

ክሮስ ትሬኒንግ ዋና የማይሰጣችሁን ነገር ከገንዳ ውጭ መፈለግ ነው። ዋና የሚሰጣችሁን በየብስ ላይ መኮረጅ ድካም ከመጨመር ውጭ ብዙም አይረባም።

የዳምቤሉን ነገር ላብራራ። ውሃ የሚቋቋማችሁ እጃችሁ በሚሄድበት አቅጣጫ ሁሉ ነው። ዳምቤል ግን የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ መሬት። ጎንበስ ብላችሁ ከፊት የተዘረጋውን እጅ ወደ ታች ስታወርዱ ክብደቱ ራሱ ይወርድላችኋል። ይህ እኮ ዋናተኛ ውሃውን የሚይዝበት፣ የመጎተቱ ዋና ቦታ ነው! ጡንቻው እዚያ ላይ ሥራ ፈቶ ይውላል። እጁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሲመለስ ደግሞ ትከሻው ሸክሙን ሁሉ ይሸከማል። ውሃ ላይ በዚያች ቅጽበት ክንዱ ዘና ማለት ነበረበት። ስለዚህ የምታለማምዱት ተቃራኒውን ነው።

ዋናተኛን እንደ መኪና አስቡት። ልብና ሳንባ ሞተሩ ናቸው። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩትና የሚጎትቱት የደረትና የጀርባ ትላልቅ ጡንቻዎች ኃይሉን ወደ ጎማ ያደርሳሉ። የክንዱን ራስ መሃሉ ላይ የሚይዙት ትናንሽ ጡንቻዎች ኩሽኔታው ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ደግሞ ፍሬኑ ናቸው። በዋኛችሁ ቁጥር ሞተሩና ጉልበቱ ያድጋል፤ ፍሬኑ ግን ባለበት ይቀራል። ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ሻንሲው ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ጎብጦ የሚውል ሰው ሻንሲው ወደ ፊት ተወላግዷል፤ ያኔ ጎማው በአንድ ጎን መበላቱ አይቀርም።

ለፍሬኑ አንድ ቀላል ልምምድ አለ። ክርናችሁን ወደ 90 ዲግሪ እጠፉ። ትንሽ ፎጣ ጠቅልላችሁ በክርናችሁና በጎናችሁ መካከል ያዙ። በእጃችሁ የያዛችሁትን የልምምድ ላስቲክ (የሚለጠጥ ገመድ) ወደ ውጭ ስቡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ዋናው ጥቅም ያለው በመመለሱ ላይ ነው። ፎጣው ከወደቀ ላስቲኩ ወፍሯል ማለት ነው፤ ትልቁ ጡንቻ ሥራውን ነጥቋል። ቀጭን ላስቲክ ማንንም አያሳፍርም።

«ሩጫ ትንፋሽ ይሰጣል» የሚለውም አለ። ልብን ያጠነክራል፤ እውነት ነው። ግን ጎበዝ ሯጭ ገንዳ ገብቶ 50 ሜትር ሳይሞላ ሲያለከልክ ታያላችሁ። ፍሪስታይል የሚዋኝ ሰው ሲፈልግ ሳይሆን ተራው ሲደርስ ነው የሚተነፍሰው። ውሃ ደግሞ ከአየር ወደ 800 እጥፍ የሚጠጋ እፍጋት አለው፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ብታደርጉ የሚገታችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እግሩ የሰመጠ ዋናተኛ ሞተሩ ቢገዝፍም ሩቅ አይሄድም። በዚያ ላይ የብዙ ሯጮች ቁርጭምጭሚት ግትር ነው። እግሩ ስለማይዘረጋ ምታቸው አይገፋም።

ያም ሆኖ ሩጡ እላለሁ። ምክንያቱ አጥንት ነው። ውሃ ክብደታችሁን ስለሚሸከም በዋና ብቻ አጥንት የሚፈልገውን ጫና አያገኝም። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት ማንሳት)፣ ዝላይና ሩጫ ያን ጫና ይሰጣሉ። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ዋናተኛ ከዚህ ነፃ አይደለም። መረብ ላይ እንደተያዘ ዓሣ ትከሻን ብቻ ማንቀጥቀጥ ይቅርና እግርና ዳሌ ላይ ሥሩ።

ሳትጠይቁኝ ጥቂት ልጨምር። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ጡንቻችሁ «እችላለሁ» ስላለ ክብደት በየሳምንቱ አትቆልሉ። ብዙ ዋናተኞች ትከሻቸው ቀድሞውኑ የላላ ነው፤ እሱን ይበልጥ ከመለጠጥ የላይኛውን ጀርባ ማፍታታት ይሻላቸዋል። የላስቲክ ልምምዱን ደግሞ ልትዋኙ ስትሉ እስክትዝሉ አትሥሩት፤ ፍሬኑን አድክማችሁ መኪናውን ማስነሳት ነው። በሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የትከሻ ሕመም ካለ ግን ላስቲኩንም ዋናውንም አቁሙና መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ታዩ።